እስትንፋስና ጸሎት፤ ክርስትና ስለ ተመስጦ ያለው መዝገብ

ትንፋሽን እየተከታተሉ በጸጥታ መቀመጥ ከከተማ ሰው ኑሮ ጋር እየተላመደ የመጣ ነገር ነው፡፡ ሐኪሙ ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ማጣት ይመክረዋል፤ የስፖርት ቤቱ አሠልጣኝ ከእንቅስቃሴው በኋላ ያሠራዋል፤ የእጅ ስልኩም ሳይቀር ሰዓት ጠብቆ በረዥሙ እንድንተነፍስ ያስታውሰናል፡፡ ጥያቄውም ወዲያው ይከተላል፡፡ «ይህ ነገር የሕንዶች ሃይማኖት አይደለም ወይ? ክርስቲያን የሆነ ሰው ቢያደርገው ከእምነቱ ጋር አይጋጭበትም ወይ?»

ለዚህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው፡፡ አንደኛው ወገን «ባዕድ አምልኮ ነው፤ አትድረሱበት» ይላል፡፡ ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ትንፋሽ ትንፋሽ ነው፤ ሃይማኖት የለውም» ብሎ ነገሩን ያቃልለዋል፡፡ ሁለቱም መዝገቡን ሳያገላብጡ የተሰጡ ፍርዶች ናቸው፡፡ ክርስትና ስለ ትንፋሽ፣ ስለ አርምሞና ስለ ተመስጦ ከ1,600 ዓመት በላይ የሚሆነው የተጻፈ መዝገብ አለው፡፡ በመዝገቡ ውስጥ ልምምድ አለ፤ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ክስ፣ መከላከያና የጉባኤ ውሳኔም አለ፡፡ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን መዝገብ ባጭሩ ገልጦ ማሳየት ነው፡፡ ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፡፡

ቃሉ ራሱ ምን ይላል?

ከቋንቋ እንነሣ፡፡ በዕብራይስጥ «ሩአሕ»፣ በግሪክ «ፕኔውማ»፣ በላቲን «ስፒሪቱስ» የሚባሉት ቃላት ነፋስንም፣ እስትንፋስንም፣ መንፈስንም ይገልጻሉ፡፡ የእኛው ግዕዝም ከዚህ የራቀ አይደለም፡፡ ነፍስ፣ ነፋስ፣ እስትንፋስ፣ መንፈስ የሚሉት ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ወንድማማቾች ናቸው፡፡ አማርኛችንም «ተነፈሰ» ሲል ያንኑ ሥር ይዞ ነው፡፡

ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህን ዝምድና ይጠቀሙበታል፡፡ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ላይ ከምድር አፈር የተበጀው ሰው ሕያው ነፍስ ያለው የሆነው እግዚአብሔር የሕይወት እስትንፋስ በአፍንጫው እፍ ካለበት በኋላ ነው፡፡ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ላይ ደግሞ ከሙታን የተነሣው ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን እፍ ብሎባቸው መንፈስ ቅዱስን እንዲቀበሉ ይነግራቸዋል፡፡ ካህኑ ተጠማቂውን እፍ የሚልበት «ንፍሐት» የሚባለው የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓትም የዚሁ ተከታይ ነው፡፡

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ የቃላት ዝምድና የሃይማኖት ማስረጃ አይሆንም፡፡ መንፈስና እስትንፋስ ከአንድ ሥር ወጡ ማለት፣ በሳንባችን የሚገባውና የሚወጣው አየር መንፈስ ቅዱስ ነው ማለት አይደለም፡፡ እስትንፋስ ፍጡር ነው፤ መንፈስ ቅዱስ ግን በክርስትና ትምህርት ፈጣሪ ነው፡፡ ይህ ልዩነት ቀላል ቢመስልም ከዚህ በታች የምናያቸው ክርክሮች ሁሉ የሚያርፉት እሱ ላይ ነው፡፡

ስለ «ሜዲቴሽን»ም አንድ ነገር እንጨምር፡፡ የመጀመሪያው መዝሙር የእግዚአብሔርን ሕግ ቀንና ሌሊት ስለሚያስብ ሰው ይናገራል፡፡ በአማርኛው «ማሰብ» የተባለው በዕብራይስጡ «ሃጋ» ሲሆን፣ ትርጉሙ በለሆሳስ ማጉረምረም፣ ለራስ እየደጋገሙ ማለት ነው፡፡ ግዕዙ በዚያ ቦታ «ያነብብ» ማለቱ ለዕብራይስጡ የቀረበ ነው፡፡ እንግዲህ በመጽሐፍ ቅዱስ ማሰላሰል ማለት አእምሮን ባዶ ማድረግ ሳይሆን፣ ቃልን በአፍና በልብ እያመላለሱ መኖር ነው፡፡ በአፍ የሚመላለስ ቃል ደግሞ ያለ ትንፋሽ አይወጣም፡፡

ከግብፅ በረሃ

በ4ኛው ምዕተ ዓመት በግብፅ በረሃ የተሰባሰቡ መነኮሳት አንድ ተግባራዊ ችግር ነበረባቸው፡፡ ሐዋርያው ጳውሎስ ሳታቋርጡ ጸልዩ ብሏል፡፡ ሰው ግን ይሠራል፣ ይበላል፣ ይተኛል፡፡ ታዲያ ሳያቋርጡ መጸለይ እንዴት ይቻላል? መልሳቸው አጭር ጸሎት ሆነ፡፡ ሰሌንና ዘንቢል እየሠሩ አንዲት አጭር ልመና ይደጋግማሉ፡፡ ቅዱስ አውግስጢኖስ ፕሮባ ለተባለች ሴት በጻፈው ደብዳቤ የግብፅ ወንድሞች አዘውትረው የሚጸልዩት ጸሎት እጅግ አጭርና እንደሚወረወር ነገር ፈጣን መሆኑን እንደሰማ ይገልጻል፡፡ ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ጸሎቱ ከረዘመ ንቃት ይደበዝዛልና ነው ይላል፡፡

በግብፅ ገዳማት የኖረው ዮሐንስ ካስያን (ከ360 ገደማ እስከ 435 ገደማ) ይህንኑ ልምድ ለምዕራቡ ዓለም አደረሰ፡፡ ካስያን አባ ይስሐቅ ከተባሉ አባት ሰማሁት በማለት የሚያቀርበው ምክር፣ ከመዝሙረ ዳዊት ፈጣን ረድኤት የሚለምነውን አንድ ቁጥር መርጦ በሥራም፣ በመንገድም፣ በአልጋም ላይ መደጋገም ነው፡፡ ድኻው በዚህ አንድ ቁጥር ይበለጽጋል፤ የተበታተነ ሐሳብም መልሕቅ ያገኛል፡፡

ትንፋሽና ጸሎት አንድ ላይ የተጠሩበት ቀደምት ምስክርም ከዚያው ከግብፅ ነው፡፡ የአባ እንጦንስን ገድል የጻፈው የእስክንድርያው ፓትርያርክ አትናቴዎስ፣ እንጦንስ ሊሞት ሲል ደቀ መዛሙርቱ ሁልጊዜ ክርስቶስን እንዲተነፍሱ እንደመከራቸው ይናገራል፡፡ አትናቴዎስ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመ እሱ ነው፡፡ በእርግጥ የእንጦንስ ንግግር ምሳሌ እንጂ የአተነፋፈስ መመሪያ አይደለም፡፡ ትንፋሽ ሳናስበው እንደማይቋረጥ፣ የክርስቶስ ዝክርም እንዳይቋረጥ ለማለት ነው፡፡ በ7ኛው ምዕተ ዓመት የሲና ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ክሊማኮስ ባለ 30 ደረጃ በሆነው «መሰላል» በተባለው መጽሐፉ የኢየሱስ ዝክር ከትንፋሽ ጋር እንዲዋሐድ ሲመክር አባባሉ ከዚሁ የቀረበ ነው፡፡

ምሳሌው ዘዴ ሲሆን

በ13ኛው ምዕተ ዓመት በግሪክ አገር በአቶስ ተራራ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ፡፡ ኒቄፎሮስ የተባለ መነኩሴ ልብን ስለመጠበቅ በጻፈው አጭር ድርሳን ትንፋሽን ከምሳሌነት ወደ ዘዴነት አሸጋገረው፡፡ መመሪያው ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ተቀመጥ፤ አሳብህን ሰብስብ፤ አየሩ በአፍንጫ ገብቶ ወደ ልብ በሚወርድበት መንገድ አሳብህንም አብረህ አውርድ፤ እዚያ ከደረሰ ሥራ አታስፈታው፤ ኢየሱስ ክርስቶስን በስሙ ጠርተህ ምሕረት የምትለምንበትን አጭር ጸሎት ሥራው አድርግለት፡፡ «ሦስቱ የጸሎት መንገዶች» የሚባለው ሌላ ድርሳን ደግሞ አገጭን በደረት ላይ አሳርፎ ዓይንን ወደ ሆድ መሐል መመለስን ይጨምራል፡፡ ይህ ድርሳን ለሐዲሱ ነባቤ መለኮት ስምዖን (949–1022) ሲሰጥ ቢኖርም፣ የእሱ ሥራ መሆኑን አብዛኞቹ ተመራማሪዎች አይቀበሉትም፡፡

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ቁም ነገር አለ፡፡ ኒቄፎሮስ ራሱ ዘዴው የማይሆንለትን ሰው ተስፋ አያስቆርጠውም፡፡ ትንፋሹ ካልተሳካልህ ተወውና ያንኑ ጸሎት በልብህ ደጋግም፤ በጊዜው በሩ ይከፈትልሃል ይለዋል፡፡ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጸሎቱ ያለ ዘዴው የተሟላ ነው፤ ዘዴው ግን ያለ ጸሎቱ ባዶ ነው፡፡

የ1341 ጉዳይ

የአቶስ መነኮሳት ልምምድ ከ1330ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ብርቱ ከሳሽ ገጠመው፡፡ ከደቡብ ጣሊያን ከካላብሪያ የመጣው ባርላም በፍልስፍና የበሰለ፣ በንግግር የሠላ መነኩሴ ነበር፡፡ የመነኮሳቱን አቀማመጥና አተነፋፈስ ሲሰማ ተሳለቀባቸው፡፡ ነፍሳቸው እምብርታቸው ውስጥ ያለች ሰዎች የሚል ቅጽል ስምም አወጣላቸው፡፡ ክሱ ሁለት ፍሬ ነገር ነበረው፡፡ አንደኛ፣ ጸሎት የአእምሮ ሥራ ስለሆነ አካልን ማስገባት አላዋቂነት ነው፡፡ ሁለተኛ፣ የእግዚአብሔርን ብርሃን እናያለን ማለታቸው የማይታየውን አምላክ የሚታይ ማድረግ ነው፡፡

መከላከያውን ያቀረበው ጎርጎርዮስ ፓላማስ (1296–1359) ነው፡፡ ስለ አካል የሰጠው መልስ ሦስት ነጥብ ያለው ነው፡፡ የመጀመሪያው፣ ሐዋርያው ሥጋችንን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ካለው፣ አሳብን ወደ ሥጋ መመለስ ነውር አይሆንም፤ ነውሩ ሥጋ ሳይሆን ኃጢአት ነው፡፡ ሁለተኛው፣ አጥብቆ የሚያስብ ሰው ሁሉ ትንፋሹ በራሱ ጊዜ ይረጋጋል፤ ስለዚህ ጀማሪ ትንፋሹን በማረጋጋት አሳቡን ለመሰብሰብ ቢሞክር ተፈጥሮን ተከተለ እንጂ አስማት አልሠራም፡፡ ሦስተኛው፣ ዘዴው የጸጋ ምክንያት አይደለም፤ አሳባቸው ለሚባክን ጀማሪዎች የተሰጠ መደገፊያ ነው፡፡ ስለ ብርሃኑ ደግሞ የእግዚአብሔር ባሕርይ የማይደረስበት ሆኖ ሳለ ሰው ከአምላክ ግብር ወይም ኃይል ይካፈላል የሚል ትምህርት አቀረበ፡፡

በ1341 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤ ለፓላማስ ፈረደ፡፡ ባርላም ወደ ጣሊያን ተመልሶ ካቶሊክ ሆነ፤ ጳጳስም ተሾመ፡፡ ክርክሩ ግን ሌሎች ተቃዋሚዎች ተነሥተውለት ቀጠለ፤ በ1347 እና በ1351 በተደረጉ ጉባኤዎችም ውሳኔው ጸና፡፡ ፓላማስም በ1368 በቁስጥንጥንያ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ተባለ፡፡

ይህ ጉባኤ የቢዛንታይን ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ እንደሆነ መታወቅ አለበት፡፡ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከኬልቄዶን (451) ጀምሮ በሌላ ጎራ ስለነበረች የክርክሩ ተካፋይ አልነበረችም፡፡ በዚያው በ14ኛው ምዕተ ዓመት የእኛ ሊቃውንት የተጠመዱት በአባ ኤዎስጣቴዎስና በተከታዮቻቸው በተነሣው የሰንበት ጉዳይ ነበር፡፡ ስለዚህ የአቶስን ዘዴ የእኛም የጥንት ሥርዓት ነው ብሎ ማቅረብ ታሪክን ማጣመም ይሆናል፡፡

የመምህራን ማስጠንቀቂያ

በ1782 የአቶሱ ኒቆዲሞስና የቆሮንቶሱ መቃርዮስ የእነዚህን አባቶች ጽሑፎች «ፊሎካሊያ» በሚል ስም ሰብስበው በቬኒስ አሳተሙ፡፡ በ1793 በፓይሲ ቬሊችኮቭስኪ የስላቭ ትርጉም ወደ ሩስያ ገባ፡፡ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ስሙ ያልታወቀ የሩስያ መንገደኛን ታሪክ የሚተርከው መጽሐፍ ሲታተም ደግሞ የገዳሙ ጸሎት ወደ ምእመናን ቤት ወረደ፡፡

ከዚሁ ጋር ማስጠንቀቂያውም በረታ፡፡ ፊሎካሊያን ወደ ሩስያኛ የተረጎመው ጳጳሱ ቴዎፋን (1815–1894) ስለ አተነፋፈስ የሚናገሩትን ክፍሎች ሆን ብሎ ከትርጉሙ አስቀርቷቸዋል፡፡ ምክንያቱ ዘዴውን መካድ አልነበረም፡፡ መምህር የሌለው አንባቢ ቅርፊቱን ይዞ ፍሬውን እንዳይጥል ነው፡፡ በዘመኑ የነበረው ኢግናጢ ብሪያንቻኒኖቭም (1807–1867) ስሜትንና የአሳብ ሥዕልን እንደ ጸጋ መቁጠር ትልቁ የጸሎት ሕመም መሆኑን ደጋግሞ ጽፏል፡፡ ሰውየው ደረቱ ሲሞቀው፣ ዓይኑ ብርሃን ሲያይ ቅዱስ ሆንኩ ይላል፤ ያን ጊዜ ወደቀ፡፡

ምዕራቡስ?

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በኩል የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ (1491–1556) በ1548 በጳጳሱ በጸደቀው «መንፈሳዊ ልምምዶች» በተባለው መጽሐፉ ሦስት የጸሎት መንገዶችን አስቀምጧል፡፡ ሦስተኛው በልክ መጸለይ ነው፡፡ አቡነ ዘበሰማያትን የሚጸልየው ሰው በአንድ ትንፋሽ አንድ ቃል ብቻ እያለ፣ እስከሚቀጥለው ትንፋሽ ድረስ የዚያን ቃል ትርጉም ያስባል፡፡

በ20ኛው ምዕተ ዓመት ምዕራባውያን ክርስቲያኖች ወደ ምሥራቅ ሃይማኖቶች ሲያማትሩ ሁለት እንቅስቃሴዎች ተነሡ፡፡ አንደኛው የቤኔዲክታዊው መነኩሴ የጆን ሜይን (1926–1982) ነው፡፡ ሜይን ሕግ ያጠና፣ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅም ሕግ ያስተማረ ሰው ነበር፡፡ በ1950ዎቹ በማላያ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥራ ላይ ሳለ ከአንድ የሂንዱ መምህር ቃል እየደጋገሙ በጸጥታ መቀመጥን ተማረ፡፡ ኋላ የካስያንን ጽሑፍ ሲያነብ ያንኑ ነገር በራሱ ቤት አገኘው፡፡ ተከታዮቹ የሚደጋግሙት ቃል «ማራናታ» የሚለው የአራማይክ ልመና ነው፡፡ ሁለተኛው በ1970ዎቹ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በአንድ የትራፒስት ገዳም በቶማስ ኪቲንግና በባልንጀሮቹ የተጀመረው «ማዕከላዊ ጸሎት» ነው፡፡

ቫቲካን በጥቅምት 1989 በካርዲናል ራትዚንገር ፊርማ ስለ ክርስቲያናዊ ተመስጦ ለጳጳሳት ደብዳቤ አወጣች፡፡ ደብዳቤው ከሌሎች ሃይማኖቶች የሚገኝ ጠቃሚ ነገር ሁሉ መጣል የለበትም ይላል፤ አቀማመጥና ትንፋሽም ለጸሎት ሊረዱ እንደሚችሉ ይቀበላል፤ የምሥራቁን የኢየሱስ ጸሎትም በዚሁ አንጻር ይጠቅሳል፡፡ ነገር ግን ከልምምዱ የሚመጣውን ዕረፍትና ደስታ የመንፈስ ቅዱስ መጽናናት አድርጎ መውሰድ ስሕተት መሆኑን፣ በተለይም የሰውየው ግብረ ገብ ከዚያ ጋር የማይጣጣም ሲሆን ለአእምሮ መታወክ ጭምር ሊዳርግ እንደሚችል ያስጠነቅቃል፡፡ አንባቢ እንደሚያስተውለው በ1341 ፓላማስ የተናገረውም ሆነ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሩስያውያኑ ያስጠነቀቁት ከዚህ ብዙም አይርቅም፡፡

በእኛ ዘንድ

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት መጻሕፍት ትርጓሜ ሌላ አራተኛ ጉባኤ አለው፤ የመጻሕፍተ መነኮሳት ጉባኤ ነው፡፡ መጻሕፍቱም ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው፡፡ ሦስቱም ከሶርያ ክርስትና የመነጩ ናቸው፤ በመካከለኛው ዘመንም ወደ ግዕዝ ተመልሰው የአማርኛ አንድምታ ትርጓሜ ተሠርቶላቸዋል፡፡ ስለ አርምሞ፣ አሳብን ስለ መሰብሰብ፣ ስለ ዕንባና ስለ ተመስጦ የሚናገሩት ነገር እጅግ የጠለቀ ነው፡፡

ማር ይስሐቅ በ7ኛው ምዕተ ዓመት የኖረ፣ ዛሬ ቀጠር በምትባለው አካባቢ የተወለደ፣ ለጥቂት ጊዜ የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ወደ በረሃ የተመለሰ አባት ነው፡፡ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆኖ ሳለ ግሪኮቹም፣ ግብፆቹም፣ እኛም አንብበነዋል፤ በ2024 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ስሙ በሮማ የሰማዕታትና የቅዱሳን መዝገብ እንዲገባ ወስነዋል፡፡ አብያተ ክርስቲያናት በጉባኤ ሲለያዩ በጸሎት መጽሐፍ መገናኘታቸው የሚገርም ነው፡፡

የእኛ ሥርዓት ታዲያ አካልን አላስገባም ማለት ነው? በእጅጉ አስገብቷል፤ በሌላ በር ግን ነው፡፡ ምእመኑ መቁጠሪያውን ይዞ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለ 41 ጊዜ ይደጋግማል፡፡ በሰሙነ ሕማማት ኪርያላይሶን ከስግደት ጋር ይወርዳል፡፡ ቁመቱ፣ መቋሚያው፣ ጾሙ፣ የግዕዝና የዕዝል ዜማው ሁሉ የአካል ሥራ ነው፡፡ ረዥም ዜማ ያዜመ ደብተራ ትንፋሹን መቆጣጠር ሳይችል አልቀረም፤ የሰገደ ሰውም በስግደቱ ልክ ይተነፍሳል፡፡ ትንፋሹ ግን አገልጋይ ነው፤ ማንም ትኩረቱን እዚያ ላይ አያደርግም፡፡ በወንጌላውያን አማኞች ዘንድ «የጽሞና ጊዜ» የሚባለውም ቃሉን እያነበቡ በጸጥታ መቆየት ነው፤ ስሙ ራሱ ዝምታ ከሚለው የግዕዝ ቃል የመጣ ነው፡፡

ሐኪሞች ምን ያውቃሉ?

በዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ጎልማሳ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል፡፡ በጣሊያን ተመራማሪዎች የተመራና በ2001 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በ23 ጤነኛ ሰዎች ላይ አንድ ነገር አስተዋለ፡፡ ሰዎቹ የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደግሙ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ወረደ፡፡ የዮጋ ማንትራ ሲደግሙም ውጤቱ ተመሳሳይ ነበር፡፡ በዚህ ፍጥነት ሲተነፈስ የልብ ምትና የደም ግፊት መወዛወዝ ይጣጣማል፤ ሰውነት የደም ግፊትን የሚያስተካክልበት አጸፋም ይነቃል፡፡ ለማረጋጋት የሚሠራው የነርቭ ክፍል ሥራውን የሚያጠነክረው በዚህ መንገድ ነው፡፡

ይህ ግኝት ሁለቱንም ወገን ዝም ሊያሰኝ ይገባል፡፡ «ዕረፍቱ የመጣው ከባዕድ አምልኮ ነው» የሚለውን ዝም ያሰኘዋል፤ የመቁጠሪያው ጸሎትም ያንኑ አስገኝቷልና፡፡ «ተረጋጋሁ፤ ስለዚህ መንፈስ ነካኝ» የሚለውንም ዝም ያሰኘዋል፤ መረጋጋቱ የነርቭ ሥራ መሆኑ ታውቋልና፡፡ በተጨማሪም በኃይልና በፍጥነት መተንፈስ በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ማዞር፣ የእጅ መደንዘዝ፣ አንዳንዴም ራስን መሳት ያስከትላል፡፡ ይህን የመሰለ ስሜት በሕንድ አዳራሽም ሆነ በክርስቲያን ስብሰባ ቢታይ አስቀድሞ መመርመር ያለበት እንደ ሕክምና ጉዳይ ነው፡፡

መለያው ምንድን ነው?

ለመለያው ሁለት የአሜሪካ ፍርድ ቤት ጉዳዮች ጥሩ መብራት ይሰጣሉ፡፡ በመጀመሪያው፣ በኒው ጀርሲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ትራንሰንደንታል ሜዲቴሽን ይሰጥ ነበር፡፡ ወላጆችና ሌሎች ከሰሱ፡፡ አስተማሪዎቹ ትምህርቱ ሃይማኖት ሳይሆን ሳይንስ ነው አሉ፡፡ በ1977 የወረዳው የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በ1979 ደግሞ የይግባኙ ፍርድ ቤት ሃይማኖት ነው ብለው አስቆሙት፡፡ ከማስረጃዎቹ አንዱ ተማሪው ልዩ ቃሉን ከመቀበሉ በፊት የሚደረገው ሥርዓት ነበር፤ ፍራፍሬ፣ አበባና ነጭ መሐረብ ይቀርባል፤ በሳንስክሪትም የመምህራቸውን መምህር የሚያወድስ ዜማ ይዜማል፡፡ በሁለተኛው፣ በካሊፎርኒያ በአንድ የትምህርት ቤት አውራጃ ዮጋ ለስፖርት ክፍለ ጊዜ ይሰጥ ነበር፡፡ እዚያም ወላጆች ከሰሱ፡፡ የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን በ2015 ክሱን አልተቀበለውም፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ከሃይማኖት ይዘት የጸዳ የአካል እንቅስቃሴ ሆኖ አግኝቶታልና፡፡

ሁለቱ ፍርዶች አይቃረኑም፡፡ ፍርድ ቤቶቹ የጠየቁት «ሰውየው እንዴት ተነፈሰ?» ብለው አይደለም፡፡ «ማን ተጠራ? ለማን ተሰገደ? ምን ትምህርት ተሰጠ?» ብለው ነው፡፡ የአባቶችም መለያ ያው ነው፡፡ ከዚህ ተነሥተን ነገሩን በሦስት መክፈል እንችላለን፡፡

አንደኛው ለጤና የሚደረግ አተነፋፈስ ነው፡፡ ማንንም የማይጠራ፣ ምንንም የማያመልክ ከሆነ እንደ እግር ጉዞ ነው፤ አንድ ሰው እንደሚራመድ ይተነፍስ፡፡ ሁለተኛው የሌላ ሃይማኖት አምልኮ ነው፡፡ የአማልክት ስም፣ ስእለት ወይም መሥዋዕት ያለበት ልምምድ «ስፖርት» ተብሎ ቢጠራም ስሙ ጠባዩን አይለውጠውም፤ ክርስቲያኑም ምን እንደሚፈርም አስቀድሞ የመጠየቅ መብትም ግዴታም አለበት፡፡ ሦስተኛው ጸሎት ነው፡፡ ጸሎት ከሆነ ትንፋሹ አጋዥ፣ ቃሉ ዋና፣ የሚጠራው አምላክ ደግሞ ፍጻሜው ነው፤ መምህርም ያስፈልገዋል፡፡

ክፍፍሉ ለክርክር ማሸነፊያ ብቻ አይደለም፤ ሦስቱ ሲደባለቁ የሚጎዳ ሰው አለ፡፡ በጭንቀት ሌሊቱን የሚያድር ሰው ሐኪሙ ያዘዘለትን የትንፋሽ ልምምድ «ጋኔን ይጠራብሃል» ተብሎ ቢተወው፣ ከበሽታው ላይ ፍርሃት ተጨመረበት እንጂ ሃይማኖቱ አልተጠበቀለትም፡፡ በሌላ በኩል የደም ግፊት ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱን «በጸሎትና በትንፋሽ እቋቋመዋለሁ» ብሎ የጣለ ሰው፣ ሕይወቱን ለአደጋ አጋለጠ እንጂ እምነቱን አላሳየም፡፡ ሦስተኛው ተጎጂ ጸሎትን የመረጋጊያ ዘዴ አድርጎ የያዘው ነው፡፡ ልቡ የተረጋጋለት ቀን ጸለይኩ ይላል፤ ልቡ ያልተረጋጋለት ቀን ግን እግዚአብሔር ራቀኝ ብሎ ይደመድማል፡፡ የበረሃ አባቶች የጸሎትን ፍሬ በደረት ሙቀት አልለኩትም፡፡ ባልንጀራን በመታገሥ፣ ቂምን በመተው፣ ምላስን በመግታት ለኩት፡፡

እንግዲህ «ክርስቲያን በተመስጦ መቀመጥ ይችላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መዝገቡ የሚሰጠው መልስ «አዎን፤ ማንን እንደሚጠራ ካወቀ» የሚል ነው፡፡ ከጠዋቱ ትራንስፖርት ወረፋ ላይ ቆሞ፣ በሥራ መሐል፣ ወይም በሐኪም ቤት በር ላይ ተራውን ሲጠብቅ ያችን አጭር ጸሎት በዝግታ የሚደግም ሰው ከውጭ ያመጣው አዲስ ነገር የለም፡፡ እናቶቻችን በመቁጠሪያቸው ሲያደርጉት የኖሩት ነው፡፡ የትንፋሹ ቁጥር ስንት እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እነሱም አልቆጠሩትም፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡